ምን አንስተሽ ነው?

ኸሊዳ እባላለሁ፤ ሎጊያ ላይ ምግብ ቤት አለኝ። ምላሴ ስለት መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሹፌሮች እንኳ ወጡ ቀዝቅዟል ለማለት ይፈሩኛል። የዛሬው ወሬዬ ግን አያስቅም። እናቶች፣ በተለይ አማቶች፣ እባካችሁ ስሙኝ።

ፋሪሃ የልጄ የአብዱናሲር ሚስት ነበረች። ልጄ በጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ስለሚነዳ፣ እሷ ከእኔ ጋር ነበር የምትኖረው። አምና በሦስት ወሯ ፅንሱ ጨነገፈባት። እኔ ታዲያ አይዞሽ አላልኳትም።

«ምን ከባድ ነገር አንስተሽ ነው?» አልኳት።

«ምንም አላነሳሁም፣ እማ።»

«እንዲያው በባዶ ይወርዳል? ጀሪካን ሳታነሺ አትቀሪም!»

ሊጠይቋት የመጡት ሴቶችም ከእኔ ተቀብለው፣ አንዷ ፀሐዩ ነው፣ ሌላዋ የሰው ዐይን ነው ይሉ ጀመር። ልጅ የሞተባትን እናት እንደ ሌባ መረመርናት። የተቆጣችኝ የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ወንጌላዊት ብቻ ነበረች።

«እትዬ ኸሊዳ፣ ፅንስ ብዙ ጊዜ የሚጨነግፈው ሴቲቱ አጥፍታ አይደለም። ተያት፣ ታልቅስ» አለችኝ።

«ሳትወልጂ ምኑን አውቀሽው!» ብዬ መለስኳት። አይ እኔ!

ዘንድሮ ፋሪሃ ደግማ አረገዘች። አልሃምዱሊላህ አልን። አራተኛ ወሯን ስትይዝ ግን ደም ይፈሳት ጀመር። አልነገረችኝም። ሁለት ቀን ሙሉ በጥቁር አባያዋ ተሸፍና ሳህን ስታመላልስ ዋለች።

«ፊትሽ ምነው ገረጣ?» ብላት፣ «ሙቀቱ ነው» አለችኝ። የአገራችንን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ አመንኳት። በሦስተኛው ቀን ጓዳ ውስጥ ወድቃ አገኘኋት። ምንጣፉ በደም ርሷል።

በባጃጅ ወደ ሰመራ ስንከንፍ ራሷ ጭኔ ላይ ነበር።

«ምነው ልጄ፣ ምነው ሳትነግሪኝ?» እያልኩ አለቅሳለሁ። ዐይኗን ገለጥ አደረገች።

«እማ... ወላሂ ምንም አላነሳሁም» አለችኝ።

ሌላ ቃል አልወጣትም። ሆስፒታል ደርሰን ደም ሊሰጧት ሲሯሯጡ ሩሗ ወጣች። «ትናንት ብትመጣ እሷን እንኳ እናተርፋት ነበር» አለኝ ሐኪሙ። ልጄን በስልክ እንዴት እንዳረዳሁት አትጠይቁኝ።

ፋሪሃን የገደላት ደሙ ብቻ አይደለም፤ እኔን መፍራቷም ጭምር ነው። ነፍሰ ጡር ደም ከፈሰሳት ነገ ዛሬ አትበሉ፣ ቶሎ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ፅንሷ ከጨነገፈም አብራችኋት አልቅሱ እንጂ ጥፋት አትፈልጉባት።

ባለፈው ሳምንት የሰፈራችን ጋራዥ ባለቤት ሚስት፣ አሪፋ፣ ፅንሱ ጨነገፈባት። ልጠይቃት ሄጄ ገና ከፍራሿ አጠገብ ከመቀመጤ አንዷ ጎረቤት «ለመሆኑ ምን አንስታ ነው?» አለች።

«ዝም በይ!» አልኳት። አሪፋ ግን እንደ ጥፋተኛ ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ ኸሊዳ፣ እኔ እኮ ምንም አላነሳ...»

«አውቃለሁ ልጄ» ብዬ እጇን ያዝኩ። «አውቃለሁ።»

ይህቺን አንዲት ቃል ፋሪሃን ነፍጌያት ነበር።