ወደ ውጭ የተጠቀለለው ንድፍ

መርማሪው ሲደርስ ሟቹ በመዝገብ ቤቱ ወለል ላይ፣ ከብረት መሰላሉ ሥር ተዘርሮ ነበር። የከተማዋን የምድር ውስጥ ባቡር ታሪክና አሠራር ለመጻፍ ሦስት ዓመት እዚህ መዛግብት ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ነው። ያየው ሁሉ «ከመሰላል ወድቆ የጠረጴዛው ጠርዝ መታው» አለ። መርማሪው ግን ነገር ቶሎ አይዋጥለትም፤ ለጡረታው ሁለት ወር ቢቀረውም ይህ አመሉ አልለቀቀውም።

«ምን ሊያወርድ ነበር የወጣው?» ሲል የመዝገብ ቤቷን ኃላፊ ጠየቃት።

«የሰባተኛውን ጣቢያ ንድፍ። ሁለት ወረቀት ነው፣ አብሮ የተጠቀለለ። እኔ ምሳ ወጣሁ፤ ስመለስ...» በእጇ ወደ ወለሉ አመለከተች።

መርማሪው መሰላሉን ወጣ። ጥቅሉ ቦታው ላይ ተቀምጧል፤ ሥዕሉ ግን በውጭ በኩል ነው፤ ወረቀቱም አንድ ብቻ።

«እንዲህ ነው የምትጠቀልሉት?»

«ኧረ ምን በወጣን! ሥዕሉ ወደ ውስጥ ነው፤ አለዚያ አቧራ ይጨርሰዋል። እሱም ደንቡን አንድ ቀን አላጓደለም።»

በሩ አጠገብ ቆሞ የነበረው የባቡሩ ሥራ አስኪያጅ ሳይጠየቅ ተናገረ። «መጽሐፉ እንዲቀር ፈልጌ ነበር፣ አልክድም። ግን እኔ የሕግ ሰው ነኝ፤ ንድፍ ቢዘረጉልኝ ላይና ታቹን አልለይም።»

የሟቹ ሚስት ኮሪደሩ ላይ፣ መስመሩን ከነደፈው ሽማግሌ አባቷ ጎን ተቀምጣለች። መርማሪው ለብቻዋ አነጋገራት።

«አባዬ እዚህ እንደ ቤቱ ነው የሚገባው። ሰሞኑን ከባሌ ጋር አይነጋገሩም ነበር። ደግሞ ጨቅጫቃ ነው፤ ትንሿ ልጄ ትምህርት ቤት በአውቶቡስ ትሂድ እያለ ስንቴ ነዘነዘን! የገዛ ባቡሩ እያለ!»

መርማሪው አራቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«የወደቀ ሰው ንድፍ ወደ መደርደሪያው አይመልስም» አለ። «የመለሰው ሌላ ነው፤ ሲጠቀልለውም እጁ እንደለመደው ጠቀለለው። ሥዕሉ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ፣ ሲዘረጋ ጠርዙ እየተነሣ ያስቸግራል። ወደ ውጭ ከሆነ ግን ጠርዙ ጠረጴዛውን ይዞ ይተኛል። ይህን የሚያውቀው ዕድሜውን ንድፍ ላይ ያጎነበሰ እጅ ነው። ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ እጅ ነው።»

ሽማግሌው እጆቹን ተመለከተ።

«ገፋሁት እንጂ ልገድለው አልነበረም። ሁለተኛው ወረቀት ላይ የጣቢያው ግድግዳ ምን ያህል እንደሳሳ ተጽፏል፣ ፊርማዬ ከሥሩ። አፈሩ ውሃ ያዘለ ነው ብለውኝ ነበር። መስመሩ በቀጠሮው እንዲከፈት ብዬ ፈረምኩ። እሱ ደግሞ ይህን በመጽሐፉ ሊያወጣው ነበር።»

«ወረቀቱስ?»

«ቤቴ ወስጄ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። አመድ ሆኗል።»

«አባዬ» አለች የሟቹ ሚስት። «አውቶቡስ፣ አውቶቡስ ስትል የነበረው...»

«ለልጅሽ ፈርቼ ነው» አለ ሽማግሌው።

መርማሪው ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ። «ጣቢያው ዛሬውኑ ይዘጋ።»

«በምን ሰነድ? ግድግዳውን ለማስመርመር ጣቢያውን መዝጋት አለብኝ፤ ጣቢያውን ለመዝጋት ደግሞ ሰነድ ያስፈልገኛል። የነፍሰ ገዳይ ቃል ይዤ ቦርድ ፊት አልቀርብም።»

መርማሪው ተሟገተ፣ ለመነ፣ ጮኸ። ምንም ጠብ አላለለትም። ሽማግሌውን ለፖሊሶቹ አስረክቦ ሲወጣ ሰው ከሥራ የሚለቀቅበት ሰዓት ነበር፤ የሰባተኛው ጣቢያ ደረጃ በሕዝብ ተጨናንቋል። ወደ እሱ ሰፈር የሚሄድ አውቶቡስ የለም። ቲኬቱን ቆረጠና ከሕዝቡ ጋር ወረደ።