ሁለተኛው ዘጠነኛ ክፍል

የሒሳብ መምህሩ የታረሙ የፈተና ወረቀቶችን ሲመልስ ውጤት ጮክ ብሎ አይጠራም። በየዴስኩ እየዞረ ወረቀቱን ደፍቶ አስቀምጦ ያልፋል። ቀጭኔ የሚሏትን ተማሪ ወረቀትም እንደዚያው ደፍቶ አስቀመጠላት። ከፊቷ የተቀመጠው ልጅ ግን ዞር ብሎ በጣቱ ጫፍ ገለበጠው።

«ከሃያ ስድስት! ኧረ ይቺ ልጅ ደግማም ወደቀች!»

ሳቁ ከፊት እስከ ኋላ ተዛመተ። መምህሩ «ዝም በሉ!» ብሎ በዳስተሩ ሰሌዳውን ሲመታ ጭራሽ ባሰ፤ ያልሰሙትም ምን እንደተባለ ይጠያየቁ ጀመር። ቀጭኔ ወረቀቱን ደብተሯ ውስጥ ሸጉጣ አብራቸው ልትስቅ ሞከረች። ፊቷ እምቢ አላት።

«ቀጭኔ» ያሏት የድሮ ክፍል ጓደኞቿ ናቸው፣ በቁመቷ። ያኔ ስሙን ትወደው ነበር። ዘንድሮ እነሱ ወደ አሥረኛ አልፈው እሷ ዘጠነኛን ስትደግም ግን ቁመቷ ራሱ ጠላት ሆነባት። በዕድሜ ከሚያንሷት ልጆች መካከል የቱንም ያህል ብትጎብጥ ጭንቅላቷ ብቅ እንዳለ ነው።

አምና መውደቋ አልገረማትም። መምህር ሲያስረዳ ከጓደኛዋ ከሳቂታ ጋር ስትንሾካሾክ ነው የከረመችው። ዘንድሮ ግን አጥንታለች። የምር አጥንታለች። የመጽሐፉን ምሳሌዎች በቃሏ እስክትይዛቸው ደጋግማ ገልብጣለች። ስድስቷ ያንገበገባት ለዚህ ነው። ባታጠና ኖሮ ቢያንስ የምታሳብበው ነገር ይኖራት ነበር።

በዕረፍት ሰዓት ደረጃው ላይ ከሳቂታ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሳቂታ አንድ ዴስክ ተጋርታት ያደገች ጓደኛዋ ናት፤ አሁን ክፍሏ ከላይኛው ፎቅ ነው። ከሁለት አዳዲስ ጓደኞቿ ጋር እየወረደች ነበር።

«ቀጭኔዬ! ምነው ጠፋሽ?»

«አለሁ።»

«እንገናኝ እሺ? የምር ብዙ የማወራሽ ነገር አለ።» ከጓደኞቿ አንዷ ክንዷን ሳብ አደረገቻት፤ ሳቂታም እየሳቀች አብራ ወረደች።

ክፉ ሆና አይደለም። ክፉ ብትሆን ይሻል ነበር፣ መቀየም ይቻላል። ቀጭኔ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ሄዳ ብቻዋን ቆመች። ደወሉ ሲደወል ልጆቹ ተንጋግተው ገቡ፤ እሷ ግን ቦርሳዋን አንግታ ወደ በሩ ሄደች። ለጥበቃው ሆዷን እንዳመማት ነገረችው። «እግዜር ይማርሽ፣ የኔ ልጅ» ብሎ ወዲያው ከፈተላት። ውሸቷን ስላመናት ልቧ ይበልጥ ተሰበረ።

እናቷ የምትሠራው አንድ ሆቴል ውስጥ ከምድር ቤት ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ቀጭኔ ስትገባ እናቷ ከእርጥብ አንሶላ ክምር አጠገብ ቆማ እየተኮሰች ነበር። እንፋሎቱ ፊቷን አወርዝቶታል።

«በዚህ ሰዓት? ምን ሆንሽ?»

«ትምህርቱን ልተወው፣ እማዬ። እዚህ ካንቺ ጋር ልሥራ።»

እናቷ የያዘችውን አንሶላ ተኩሳ ጨረሰች። ቀጭኔ ወይ ጩኸት፣ ወይ ልቅሶ ጠብቃ ነበር። ሁለቱም አልመጡም።

«ካልፈለግሽ አስሬ አልወስድሽም» አለች እናቷ በመጨረሻ። «ግን ለመምህርሽ ራስሽ ሄደሽ ንገሪው። እኔ አልናገርልሽም።»

«በቃ?»

«በቃ። አሁን ያንን ጫፍ ያዢልኝ።»

አንሶላውን ሁለቱ ከዳርና ከዳር ይዘው አጣጠፉት። ከዚያ ሌላ አነሱ።

በማግሥቱ የሒሳብ መምህሩን በመምህራን ክፍል ብቻውን አገኘችው። የምትለውን መንገድ ላይ ስትለማመድ ነው የመጣችው።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልነግርዎት…»

«ወረቀትሽን ይዘሻል? ጎሽ፣ ጎሽ! እኔም ላስጠራሽ ነበር። ቁጭ በይ።» የመጣችው ስለ ፈተናው መስሎታል። ወረቀቱን ተቀብሎ መነጽሩን አጠለቀ። «እዪ፣ እዚህ ድረስ ልክ ነሽ። እዚህም አካሄድሽ ልክ ነው። ክፍልፋይ ሲመጣ ገደል ትገቢያለሽ። እዚህም። እዚህም። ይኼ እኮ የሰባተኛ ክፍል ትምህርት ነው! ያኔ የት ነበርሽ?»

እንደ ቀልድ ነበር የጠየቃት። ቀጭኔ ጣቶቿን አየች።

«አባቴ ታሞ ነበር። ሆስፒታል ነበር የምውለው።»

«ዳነ?»

ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

መምህሩ መነጽሩን አወለቀና ለጊዜው የሚያደርግበት ቦታ የጠፋው ይመስል እጁ ላይ ያዘው። «አላወቅኩም» አለ ዝግ ብሎ። ከዚያ ወረቀቱን መለሰላት። «የዘጠነኛውን መቶ ጊዜ ብታጠኚው ያው ነሽ። ወደ ሰባተኛው ተመልሰሽ ከዚያ ጀምሪ። ከባድ ነው፣ አልዋሽሽም። ዘንድሮ ላይደርስልሽም ይችላል።» ልትወጣ ስትል ጠራት። «ለመሆኑ ምን ልትነግሪኝ ነበር?»

«ምንም… ይቅር፣ ቲቸር።»

ቤት ስትደርስ ትንሿ እህቷ አልጋው ላይ ተጋድማ እግሯን ታወዛውዛለች። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቀጭኔ የሒሳብ መጽሐፏን እንድታውሳት ጠየቀቻት።

«የኔን? አንቺ? ወይ ጉድ!» ትንሿ በሳቅ ፍርስ አለች። ከዚያ የእህቷን ፊት አየችና ሳቋ ተቋረጠ። መጽሐፉን ከቦርሳዋ አውጥታ አቀበለቻት፤ ገመዷን ይዛ ልትዘል ወጣች።

ቤቱ ጭር አለ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሠርታ ከመጽሐፉ ጀርባ ካለው መልስ ጋር ስታስተያይ አልገጠመም። በላጲስ አጥፍታ እንደገና ሞከረች፤ አሁንም አልገጠመም። ከውጭ ልጆቹ ዝላይ ሲቆጥሩ ይሰማል። እሷን የሚጠራት የለም። ወደ ምሳሌው ተመልሳ መስመር በመስመር፣ እንደ ትንሽ ልጅ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ሲገጥምላት የምትነግረው ሰው ፈልጋ ቀና አለች። ክፍሉ ባዶ ነው። ወደሚቀጥለው ጥያቄ ወረደች፤ እሱም ተበላሸባት።

ትንሿ በላብ ተጠምቃ ስትመለስ ቀጭኔ ከቦታዋ አልተነሳችም።

«አሁንም አልጨረስሽም?»

«ገና ነኝ። ነገ ሒሳብ አላችሁ?»

«የለንም።»

«እንግዲያው ትምህርት ቤት ይዤው ልሂድ። በዕረፍት ሰዓት ክፍል ቁጭ ብዬ እሠራበታለሁ።»

ትንሿ ዓይኗን አፈጠጠች። «ሽፋኑ ላይ እኮ ‹ሰባተኛ ክፍል› ብሎ በትልቁ ተጽፎበታል! ሰው ሁሉ ያይሻል!»

ቀጭኔ ሽፋኑን ገልበጥ አድርጋ አየችው። መጽሐፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዚፑን ዘጋች።

«ይዩኝ» አለች።