በኩሽኔታው ሥር

«ጪ…ርርር!»

ጥርስ የሚያንገፈግፍ ጩኸት ነበር። ፌኔት ቀና ብላ ሳታይ፣ የቶርኖው ቢላ ከሚገባው በላይ ብረት እየላጠ መሆኑን ጆሮዋ ነገራት። ማሽኑን ቶሎ አጠፋችው።

ኩሽኔታውን አንስታ ለሊጥ ማቡኪያ ስትላጠው በነበረው ሻፍት ላይ ሰካችው። በመዶሻ ተገፍቶ መግባት የነበረበት ነገር ሸርተት ብሎ ገባ። በጣቷ ስትነካው ወዲህ ወዲያ ይንሸራተታል።

ስህተቷን ወዲያው አወቀችው። ኮሌጅ የለመደችው ማሽን የሚያሳየው ቁጥር ከሙሉ ውፍረቱ የሚቀነሰውን ነው። ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ያለው የዚህ ወርክሾፕ አሮጌ ቶርኖ ግን የአንዱን ጎን ብቻ ይቆጥርና እጥፉን ይበላል። ጋሽ ከበበው፣ የወርክሾፑ ባለቤት፣ ለልምምድ በመጣች ዕለት ነግረዋታል። ባለፈው ሌላ ሻፍት ስታበላሽም፣ «ብትደግሚው ዕቃሽን ይዘሽ ወደ ኮሌጅሽ!» ብለዋታል። ያ ማለት አንደኛ ዓመትን እንደገና መጀመር ነው። አባቷ እንደሆነ ድሮም «ሴት ልጅና ብረት ምን አገናኛቸው?» ባይ ነው፤ ዳግመኛ አይልካትም።

«አቦ አታካብጂ!» አለ አብሯት የተመደበው ማኑሄ። ቡሊኖ የሚሉትን ነጥብ መምቻ ሹል ብረትና መዶሻ ይዞ መጣ። «ኩሽኔታው የሚቀመጥበትን ዙሪያውን ነጠብ ነጠብ አድርጊው። የነጥቡ ዳር ያብጥና ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ከላይ ኩሽኔታው ይሸፍነዋል፤ ማን ያያል?»

«ቆይቶ ቢላቀቅስ?»

«ቆይቶማ እኛ ተመርቀናል!»

ፌኔት መታች። ሻፍቱ ፈንጣጣ የወጣበት ፊት መሰለ። ከዚያ ኩሽኔታው ጥብቅ ብሎ ገባና ሁሉንም ደበቀው።

ጋሽ ከበበው መጥተው ነቀነቁት። ንቅንቅ የለም። «እሰይ! እጅሽ ተፈታ በቃ!»

ፌኔት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ብዙም ሳይቆይ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ዳቦ ቤት ያላቸው የሻፍቱ ባለቤት ወይዘሮ ገላኔ መጡ። «የኔ ልጅ፣ አንቺ ነሽ የሠራሽው? ተባረኪ! ሊጡን በእጃችን ስናቦካ ክንዳችን ሊገነጠል ነው። ልጄማ ማሽኑ ጎን ቆሜ ዱቄት የምጨምረው መቼ ነው እያለች ትነዘንዘኛለች።»

ሻፍቱን በማዳበሪያ ጠቅልለው ታቀፉት። ፌኔት ማሽኑ ጎን የምትቆመውን ልጅ አሰበች። ኩሽኔታው ተላቆ ሻፍቱ ወደ ልጅቷ ሲፈናጠር ታያት።

«ማዘር፣ አንዴ ይስጡኝ።»

«ያምሻል እንዴ?» አለ ማኑሄ በሹክሹክታ።

ፌኔት የኩሽኔታ መንቀያውን አስገብታ አጠበቀች። ኩሽኔታው እየተንጫጫ ወጣ። ነጥቦቹ አገጠጡ።

ጋሽ ከበበው አጎንብሰው አውራ ጣታቸውን አሳለፉበት። «ይህን ማን አሳየሽ?»

«አበላሽቼው ነው ጋሼ። የመታሁት እኔ ነኝ።»

«ማን አሳየሽ ነው ያልኩሽ!»

ፌኔት ወደ ማኑሄ ሳታይ መንቀያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ» አለ ማኑሄ አንገቱን እንደደፋ። «እኔ ደግሞ… ከእርስዎ ነው ያየሁት፣ ጋሼ። ያኔ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ሲያጣድፍዎት።»

ወይዘሮ ገላኔ አንዴ ሻፍቱን፣ አንዴ እሳቸውን አዩ።

ጋሽ ከበበው ግራሶ የነካውን እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ከጠራም በኋላ መጥረጋቸውን አላቆሙም። ከዚያ ጨርቁን ቶርኖው ላይ ጣል አድርገው፣ ማንንም ሳያዩ በሩን ገፋ አድርገው ወጡ።