ጥላው የተቆረጠ ቡና

ሙኒር ውሸታም አልነበረም፤ ችግሩ የነገሩትን ሁሉ ማመኑ ነው። ተቀጥሮ የሚሠራበት ቡና ላኪ ኩባንያ «የአየር ንብረት ተለወጠ የሚባለው ተራ ወሬ ነው፤ የጥላ ዛፉን ቁረጡ፣ ቡናው ፀሐይ ሲያገኝ እጥፍ ያፈራል» በል ሲለው፣ ከጅማ እስከ ሊሙ ገነት በድምፅ ማጉያ ሲለፍፍ ከረመ።

ኢፍቱን ያገኛትም በዚሁ ሥራ ላይ ነው። ሊሙ ገነት ገበያ መሐል ማጉያውን ቀንስልን ልትለው መጥታ፣ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ የመጣችበትን ረሳች። እሱማ የገዛ ስሙም ጠፍቶበት ነበር። ከዚያ ወዲያ ሊሙ ገነት ሳይላኩት የሚሄድበት አገር ሆነ።

አባቷ፣ ቡና ገበሬው ኦቦ ጅብሪል፣ ወደዱት። የወደፊት አማቻቸውን ቃል ማክበር ነው ብለውም ከአያታቸው የወረሱትን፣ ቡናቸውን የሚያጠላውን የሰሳ ዛፍ ሁሉ አስቆረጡ።

በቀጣዩ በጋ ሙቀቱ በረታ። የቡናው ቅጠል ተቃጠለ፤ ፍሬው ሳይበስል ረገፈ። ኦቦ ጅብሪል «የአላህ ውሳኔ ነው» ብለው ማንንም አልወቀሱም፤ ሽማግሌ የሚቀበሉበትንም ቀን አልሰረዙም።

በዚያው ሰሞን ሙኒር ቢሮ ውስጥ የቆየ ፋይል ሲያገላብጥ፣ የኩባንያው የራሱ ባለሙያ ከሦስት ዓመት በፊት የጻፈውን ወረቀት አገኘ። ሙቀቱ እየጨመረ ነው፣ ጥላ የሌለው ቡና አይተርፍም ይላል። አለቆቹ ያውቁ ነበር። የአንድ ሁለት ዓመት ምርት ከበዛላቸው፣ የቀረው የገበሬው ጣጣ ነው።

ዝም ቢል ኢፍቱን ያገባል። ግን አላስቻለውም፤ ነገራት። እጇን ከእጁ ውስጥ አወጣች።

«ለእኔ ብቻ ነግረህ ውሸቱን አታሸክመኝ» አለችው። «ለአባ ንገራቸው። ዛፍ ለቆረጠው ሰው ሁሉ ንገር።»

አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መስጊዱ ግቢ ቆሞ ወረቀቱን አነበበላቸው።

«ሳላውቅ ነው የዋሸኋችሁ፤ አፉ ግን የእኔ ነበር» አለ።

ሰኞ ከሥራ ተባረረ። የሽማግሌውም ቀን ደርሶ፣ ኦቦ ጅብሪል በራቸውን ሳይከፍቱ አለፈ።

ዝናቡ ሲገባ ሙኒር ማንም ሳይጠራው የሰሳ ችግኝ ይዞ ኦቦ ጅብሪል ማሳ ውስጥ መትከል ጀመረ። ኢፍቱ መጥታ ችግኝ ታቀብለዋለች። ኦቦ ጅብሪል ሦስት ቀን አይተው እንዳላየ አለፉ፤ በአራተኛው መጥተው ከሁለቱ አጠገብ ቆሙ።

«ኤዬ፣ እሺ ሙኒር» አሉ። «ልጄን የምሰጥህ ይሄ ዛፍ ጥላ ሲጥል ነው።»

ሙኒር አንገቱን ደፋ። ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ያውቃል።

ኢፍቱ ጭቃ የያዘ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቀና አለች።

«አባ፣ ሙሽራ እኮ በፀሐይም ትዳራለች።»

ኦቦ ጅብሪል ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ሽማግሌዎቹን ያስጠሩት በማግስቱ ነው።