የቅበላ ዋዜማ ወይን

የብርጓል በቁርባን ልታገባ አንድ ሌሊት ሲቀራት ጾሟን ገደፈች። የገደፈችውም ርቧት ወይም ንቃ አልነበረም፤ በጨዋነት ነው።

ደብረ ማርቆስ ላይ የጣሊያን ጦር በቅሎዎችን የሚያክም ባልዲኒ የሚባል ሽማግሌ ሐኪም ነበር። የብርጓል አባቷ ከሞተ ወዲህ በዚህ ሰው ቤት እያገለገለች እናቷን ትረዳለች። ዲያቆን አለበልን ያገኘችውም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ጀርባዋ የቆሰለ የደብሩን በቅሎ እየሳበ መጣ። ሐኪሙ የሚለውን እሷ ስትተረጉምለት፣ እሱ በቅሎዋን ትቶ አስተርጓሚዋን ያያል።

«ምን እንዳለህ ሰማህ?» አለችው።

«አልሰማሁም።»

«ቁስሏን ጠዋትና ማታ እጠብ ነው ያለህ።»

«ነገ መጥቼ ደግሜ ብጠይቀውስ?»

«እስከ መቼ? በቅሎዋ እስክትድን ነው ወይስ አንተ እስክትሰማ?»

በቅሎዋ ዳነች። አለበል ግን ምክንያት እየፈለገ መመላለሱን አልተወም።

እናቱ ወለተ ኢየሱስ ነገሩን ስትሰማ አመረረች። ዲያቆን የሚያገባት ልጅ ድንግል መሆን አለባት፤ ጋብቻውም በቁርባን ነው። «ጣሊያን ቤት ስትገባ ስትወጣ የኖረች ልጅ ምኗ ይታመናል?» ብላ ሽማግሌ ሁሉ መለሰች። በመጨረሻ የተረታችው ልጇ ሌላ አላገባም ብሎ ስለጸና ብቻ ነው። የብርጓል ከዚያ ቤት እንድትወጣ፣ ሠርጉም ሁዳዴ ሳይገባ በቅበላ እሑድ እንዲሆን ተስማሙ። ያ እሑድ ካለፈ እስከ ዳግማ ትንሣኤ ሠርግ የለም።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ለቁርባኑ መጾም ከጀመረች ወዲያ፣ የብርጓል የቤቱን ቁልፍ ልትመልስ ሄደች። ባልዲኒ ዕቃውን በሣጥን እያሰረ ነበር። ጦሩ ሊወጣ ነው የሚለው ወሬ በከተማው በዝቷል። ሰውዬው ከጭድ ውስጥ አንድ አቧራ የለበሰ ጠርሙስ አወጣ።

«ቀይ ወይን» አለ በተሰባበረ አማርኛው። «አባቴ ነው የሠራው። እኔ ልጅ ሆኜ። አሁን ሁለታችን አረጀን።» ቡሹን በቀስታ ነቀለና ጠርሙሱን ሰጣት። «አንቺ ጾም፣ አውቃለሁ። ቅጂልኝ ብቻ። ስለ ሠርግሽ እጠጣለሁ።»

ቀዳችለት። እናቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ያስለመደቻት ወግ ነበር፤ መጠጥ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ለሚጠጣው ሰው ክፉ ነገር እንደሌለበት ማሳያ ነው። እጇ ከሐሳቧ ቀደመ። ብርጭቆውን ሳታቀርብ መዳፏን ዘረጋች፣ ጠብ አደረገች፣ ቀመሰች።

መጀመሪያ ኮምጠጥ አለ። ከዚያ እንደ ኮሽም ምላሷን ያዝ አደረገው። ወዲያው የአዲስ ቆዳ ሽታ፣ ፀሐይ ያደረቀው እንጆሪ፣ የራቀ ጭስ ተከታትለው መጡ። ስትውጠው ያለቀ መሰላት፤ አላለቀም። ጉሮሮዋ ላይ ተቀምጦ ቀስ እያለ ጣፈጠ። የምታውቀው ጠጅ ገና ከንፈር ሲነካ ያለውን ሁሉ ይናገራል፤ ይኼኛው የሚናገረው ከተዋጠ በኋላ ነበር። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ትንሽ ይቀልላት ነበር።

«ብራቫ! ጎበዝ!» አለ ባልዲኒ እየሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁን አቋረጠ።

የብርጓል ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት፣ ቅዳሴ ሳይገባ፣ የንስሐ አባቷን አባ ወልደ ሩፋኤልን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አገኘቻቸውና ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ተፋሽው ወይስ ዋጥሽው?» አሏት።

«ዋጥሁት፣ አባ።»

«መዳፍሽ ላይ ጠብ ያለችውን?»

«አዎን።»

አባ ወልደ ሩፋኤል መቋሚያቸው ላይ ተደገፉ። «ምን ነበር ባትነግሪኝ» አሉ። ወዲያው በራሳቸው አፍረው አማተቡ። «ከነገርሽኝ በኋላ ግን ዛሬ አላቆርብሽም።»

«እኔው ለሰዉ እናገራለሁ።»

«ምን ብለሽ? በሠርጌ ዋዜማ ከጣሊያን ጋር ወይን ቀመስሁ ብለሽ? የዲያቆን ሙሽራ ከቁርባን ስትቀር ሰው የሚለው አንድ ነገር ነው። ይኼን ስትጨምሪበት ደግሞ አረጋገጥሽላቸው ማለት ነው።»

እውነቱ እንዲህ ትንሽ ሆኖ፣ ስትናገረው እንዲህ የሚያስጠላ መሆኑ አንገበገባት።

አለበል ካባውን ደርቦ ከሚዜዎቹ ጋር ሲመጣ ወደ ዛፉ ጥላ ጠራችውና ነገረችው። ሲያዳምጥ ዓይኑን ከዓይኗ አልነቀለም። ስትጨርስ፣

«ጣዕሙ እንዴት ነበር?» አላት።

«አንተ፣ ይኼን ነው የምትጠይቀኝ?»

«ላውቀው ብዬ ነው።»

«ጥሩ ነበር። የሚያናድደኝም እሱ ነው።»

ካባውን አውልቆ ለሚዜው ሰጠና ወደ ሰንበቴ ቤት አመራ። የዕለቱ ተረኛ እናቱ ነበረች፤ ከቅዳሴ በኋላ የሚጠጣው ጠላ በጋን ቀርቧል፣ ሽማግሌዎቹ በር ላይ ቆመዋል። አለበል ሽክና አነሣ፣ ከጋኑ ጠለቀ፣ ሁሉም እያየው እስከ ታች ጨለጠው።

«ጠማኝ» አለ።

አንዱ ሽማግሌ፣ «እንግዲህ ሙሽራይቱን ተዉና ከጋኑ ጋር አጋቡት» አለ። ሳቁ ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ ተሰማ።

ተከትላው የመጣችው የብርጓል ልትናገር አፏን ከፈተች። ቃሉ ሳይወጣ ወለተ ኢየሱስ መጥታ አቀፈቻት። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ። እኔ አንቺን ስጠራጠር፣ ያዋረደኝ የወለድሁት ሆነ።» ትከሻዋ ላይ አለቀሰች። በዚያ ልቅሶ ላይ እውነቱን መናገር የሚቻል አልነበረም።

ሠርጉ ለዳግማ ትንሣኤ ተዛወረ። አለበል ጾሙን ሙሉ እንዳይቀድስ ተከለከለ፤ ቅስናውም ዘገየ። በገበያ ሲያልፍ ሰው ሁሉ «ዲያቆን፣ አልጠማህም?» ይለዋል። የብርጓል ወደ ወንዝ በሚወስደው መንገድ ጠብቃ አገኘችው።

«ማን ጠጣልኝ አለህ?»

«ማንም።»

«ልናገር ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። የቸኮልሁትም ለዚያ ነው።»

«እናትህ ትናንት ሽሮ ላከችልኝ። ዛሬ ተልባ። ባገኘችኝ ቁጥር ስላንተ ይቅርታ ትለምነኛለች። እንዴት ነው የምውጠው?»

«ተልባ አይደለም እንዴ? በጥብጠሽ።»

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ነከሰችው፤ ይኼ ይባስ አበሳጫት። «ውርደቱን ወሰድህልኝ፣ እሺ። የኔን እውነት ግን አብረህ ወሰድህ። ሰው የሚወዳት ሌላዋን፣ ያልቀመሰችውን የብርጓልን ነው።»

አለበል ጠጠር አንሥቶ በጣቱ አገላበጠ። «እኔ የምወዳት የቀመሰችውን ነው» አለ ቀና ሳይል።

ባልዲኒ ከጦሩ ጋር በዚያው ጾም ከተማውን ለቆ ሄደ። ፋሲካ አለፈ። በዳግማ ትንሣኤ ዋዜማ ወለተ ኢየሱስ ለጋ ቅቤ ይዛ የሙሽራይቱን ጠጉር ልትሠራ መጣች። እየጎነጎነች ደግሞ ያንኑ ወሬ ጀመረች። «ለዚህ ለጠላ አምላኪ አንቺን የመሰለች ንጹሕ …»

«እሜቴ፣ ጾሙን የገደፍሁት እኔ ነኝ።»

የወለተ ኢየሱስ ጣቶች ጠጉሯ ውስጥ ቆሙ። የብርጓል ፊቷን ሳታዞር ሁሉንም ተናገረች፤ መዳፏን፣ ወይኑን፣ እንደጣፈጣትም። ወለተ ኢየሱስ ነጠላዋን አነሣች፣ ቅቤዋን ያዘች፣ ወጣች። የሙሽራይቱ ራስ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ እንደተበተነ ቀረ። እናቷ ልቀጥልልሽ ብትላት አሻፈረኝ አለች። ነገ ሠርግ ይኑር አይኑር አታውቅም፤ ቢሆንም ከዚያ እሑድ ወዲህ ትንፋሿ እስከ ሆዷ ሲወርድ ይኼ የመጀመሪያው ነበር።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ወለተ ኢየሱስ ገባች። ከኋላዋ አለበል አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«ይኼን ነገር ሌላ የሰማ አለ?»

«አባ ወልደ ሩፋኤል ብቻ።»

«ይብቃ። ልጄም ጠላ ወዳድ እንደተባለ ይቅር። ተቀመጪ።»

ከኋላዋ በርከክ ብላ የተበተነውን ጠጉር በኃይል ሳበችው። «ጾሙን ሙሉ ሰው ሲስቅብኝ፣ እኔም ቂሏ በየደጃፉ ይቅርታ ስለምን፣ ዝም ብላችሁ አያችሁኝ። አፍ የላችሁም? እናት የላችሁም? ባለጌዎች፣ ሁለታችሁም።»

የብርጓል ቀና ስትል አለበል ከበሩ ሆኖ ያያታል። እሱም «ሁለታችሁም» ማለቷን ሰምቷል። ወለተ ኢየሱስ ሽማግሌ ስትመልስም፣ ይቅርታ ስትለምንም፣ የብርጓልን ከልጇ ጋር አንድ አድርጋ ጠርታት አታውቅም፤ እንዲህ እንደ ገዛ ልጇም ሰድባት አታውቅም።

«አመመሽ?» አለቻት ወለተ ኢየሱስ፣ አሁንም በቁጣ።

«አላመመኝም፣ እማዬ» አለች የብርጓል። እንባዋ ግን ይወርድ ነበር።