ቮልሷ እስከ በሩ

«ግፉ! አይዟችሁ፣ ግፉ!»

ግማሽ የጂማ መርካቶ ወጥቶ ቪትዟን ይገፋል፤ ባጃጅ ነጂው፣ ጫት ሻጯ፣ በርበሬ መዛኙ ሳይቀር። በዚያ ጉልበት ተራራ ቢገፉበት ደዶ በደረሰ ነበር። ቪትዟ ግን እንኳን ልትነሳ አላስነጠሰችም።

ሂንድ አባቷ ሞተሯን አስነስቶ የተቀመጠባትን አሮጌ ቮልስ ተደግፋ ታያለች። አባቷ ቲጃኒና የቪትዟ ባለቤት ጋሽ ሀምዳን መኪና ሊለዋወጡ ነው የተቀጣጠሩት። ሀምዳን ቮልሷን ሙሽራ ሊያጅብባት ፈልጓታል። ቲጃኒ ደግሞ ልጁ በየጠዋቱ ትምህርት ቤት ሲያደርሳት «አባ፣ ጥጉ ጋ አውርደኝ» ስትለው ምክንያቱን ሳትነግረው ገብቶታል።

ምክንያቱ ሱፊያን ነው። የሀምዳን ልጅ፣ የክፍሏ ልጅ።

«እንቁራሪታችሁ ሙዚየም ትግባ!» አላት አሁንም እየገፋ፣ ቮልሷን በአገጩ እያሳየ። «የኛ ኤሲ አላት፣ የኋላ ካሜራ አላት!»

እውነቱን ነው፤ የቪትዟ መስኮት እንኳ በጣት ነው የሚወርደው። የቮልሷን መስኮት የሚያወርድ ሰው ግን በሳምንት ውስጥ የቦክሰኛ ክንድ ያወጣል።

«ሞተር አጥፍተህ ሙዚቃ ስትሰማ አርፍደህ ባትሪውን ጨረስከው» አለች ሂንድ። «ደግሞ ኦቶማቲክ ናት። እስከ አሰንዳቦ ብትገፏት አትነሳም።»

ገፊው ሁሉ ቆሞ ተያየ። ተገፍታ የማትነሳ መኪና ጂማ ከተቆረቆረች ወዲህ ታይታ አታውቅም!

«ያንቺስ ብትጠፋ?» አለ ሱፊያን።

ሂንድ እጇን በመስኮት አስገብታ ቮልሷን አጠፋቻት። «አባ፣ መሪውን ያዝ!» ትከሻዋን ሰጥታ ገፋች። ቮልሷ ሳለች፣ አጨሰች፣ ከዚያ አጓራች፤ የመስጊዱ እርግቦች እስከ ዛሬ አልተመለሱም።

«ማሻአላህ!» አለች ጫት ሻጯ።

ጋሽ ሀምዳን ላቡን ጠረገ። «የባትሪ ነገር ነው፣ ዛሬውኑ ይስተካከላል። በል ቲጃኒ፣ እጅህን አምጣ።»

ውሸት የለውም፤ የባትሪ ነገር ብቻ ነበር። ቲጃኒ እጁን በመስኮት እስከ ግማሽ አውጥቶ ልጁን አያት። «ላንቺ ብዬ ነው እኮ።»

ሂንድ ገብታ ተቀመጠች። በሩን፣ ካልደበደቡት አይዘጋምና፣ ደበደበችው።

«ሀዬ፣ ትምህርት ቤት አድርሰኝ።»

«ጥጉ ጋ?»

ሱፊያን ከውጭ እንደ እንቁራሪት ይጮኻል። ሂንድ መስኮቱን እያሽከረከረች እስከ ታች አወረደችውና ክንዷን አስደገፈች።

«በሩ ድረስ። ጥሩምባውንም ንፋው።»

ቲጃኒ ለሀምዳን ሊሰጥ የነበረውን እጁን ወደ መሪው መለሰ።