ከኮምፒውተሩ ሳጥን የመጣው ሳል

መጀመሪያ ይሄን ልበላችሁና ልገላገል፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ብድግ ብዬ ዕቃ ማጠብ የምጀምር ሰው ነኝ። ደሴ እያለን እህቶቼ ተሰብስበው ስለ ጅን ሲያወሩ፣ ልክ ፀጉር የሚያቆመው ቦታ ላይ ሲደርሱ፣ "መብራቱ የጠፋው የቆጣሪው ገመድ ስለላላ ነው" ብዬ ጨዋታውን የማበላሸው እኔ ነበርኩ፣ አሁንም ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ ደማም ከተማ ውስጥ አንድ ሆስፒታል የኮምፒውተር ቴክኒሻን ነኝ፣ ነርሶቹ "ይሄ ማሽን ሰይጣን አለበት" ብለው ሲጠሩኝ እሄድና የተነቀለ ገመድ ሰክቼ እመለሳለሁ። ስለዚህ ባታምኑኝ አልቀየማችሁም፣ ከሌላ ሰው ብሰማው እኔም አላምንም ነበር።

ነገሩ የእታለም ሰዓዳ ነው። ሰዓዳ የኮምቦልቻ ሰው ናት፣ አል ዐዚዚያ በሚባል ሰፈር ባሕሩ ዳር ካሉት ትልልቅ ቤቶች በአንዱ ምግብ አብሳይ ሆና ኖራለች፣ ልጇን ሐያትን ለእናቷ ሰጥታ የመጣችው ገና የልጅቷ የወተት ጥርስ ሳይወልቅ ነው፣ ያቺ ሐያት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የሕንፃ ንድፍ ትማራለች። እና ሰዓዳ በቃኝ አለች፣ ላትመለስ የምትወጣበትን፣ ኹሩጅ የሚሉትን የመውጫ ቪዛ አስመታች፣ አሠሪ ማዳሟም መሰናበቻ ይሁንሽ ብላ የወንድ ልጇን አሮጌ ኮምፒውተር ሰጠቻት፣ ብርጭቆ ጎን ያለው፣ የማራገቢያ ፋኖቹ እንደ ሠርግ ቤት የሚበሩ። ችግሩ ልጁ ከመስጠቱ በፊት የማስታወሻ ራሙን፣ ምስል የሚያወጣውን ግራፊክስ ካርዱን፣ የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣና ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላዩን ነቅሎ ለአዲሱ ወስዷል፣ ለሰዓዳ የደረሳት ሆድ ዕቃው የወጣ ዶሮ ነው።

አንዳንድ ሰው ይሄን ጣይውና ላፕቶፕ ግዢላት ብሏት ነበር፣ እኔ ነኝ ተይ ያልኳት፣ ምክንያቱም ንድፍ የምትሠራ ልጅ ጉልበት ያለው ማሽን ያስፈልጋታል፣ በተመሳሳይ ብር ደግሞ ዴስክቶፕ ሁልጊዜ ይበልጣል፣ ሲበላሽም የተበላሸውን ብቻ መቀየር ነው፣ ላፕቶፕ ግን አንዴ ካኮረፈ አኮረፈ። ሰዓዳ ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ እንዲህ አለችኝ፦ "ልጄ ፊቴን አታውቀውም፣ እጄን ነው የምታውቀው፣ የላክሁላትን። ይሄ ነገር ሳይሠራ ቢቀር በምን ትወቀኝ?" እንግዲህ ይሄን ሰምታችሁ እስቲ እንቢ በሉ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሳጥኗን በታክሲ ጭና እኔ ቤት መጣች፣ በረራዋ በማግሥቱ ቅዳሜ ነው። የምኖረው ደማም አጠገብ ባለችው ኹበር፣ አል ኹበር አሽ-ሸማሊያ የሚባል ሰፈር፣ አሮጌ ሕንፃ ላይ፣ ለብቻዬ ነው። ነሐሴ ነበር፣ አገር ቤት ሰው ብርድ ልብስ ውስጥ ሲገባ እዚህ ደጅ ስትወጡ መነጽራችሁ በላብ ይሸፈናል፣ መንገድ ላይ ድመት እንኳ አልነበረም፣ ሱቁም ሁሉ ዝግ። ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥን፣ የገዛኋቸውን ዕቃዎች ደረደርኩ፣ ቶሎ ልጨርስ ብዬ ራሙን አንስቼ ልሰካ ስል፣

"እህም" አለ።

የሽማግሌ ጉሮሮ። አገራችን ትልቅ ሰው ቤት ሊገባ ሲል ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ሴቶች ካላችሁ ተሸፋፈኑ ለማለት የሚጠርጋት ጉሮሮ አለች አይደል፣ እሷን ነው የምላችሁ። እኔና ሰዓዳ እኩል ሻሻችንን ወደ ግንባራችን ሳብን። ከዚያ በሩን አየን፣ ተዘግቷል፣ ሄጄ ከፈትኩት፣ ደረጃው ባዶ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ጅን አይደለም፣ ወንድ በሌለበት ቤት የወንድ ሳል፣ የሕንፃው ጠባቂ ሰምቶ እንደሆነ ምን ይለኛል የሚለው ነው።

ተመልሼ ሳጥኑን ስነካው ብረቱ እርጥብ ነው። ታክሲው እንደ ፍሪጅ የቀዘቀዘ፣ ውጪው እንፋሎት፣ ብረቱ አልቦታል፣ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ማዘርቦርድ ላይ ጠብታዋ ታበራለች፣ ያኔ ዕቃውን ሰክቼ ብለኩሰው ኖሮ አለቀልን ማለት ነው። እናንተም ባሕረ ሰላጤ የምትኖሩ ከሆነ ይሄን ያዙልኝ፣ ከቅዝቃዜ ወደ ሙቀት የገባ ኮምፒውተር እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ቢቻል ተከፍቶ። እኔ ይሄን ለሌላ ሰው ስመክር ነው የኖርኩት።

እስኪደርቅ ጠበቅን። ቀጥሎ ፕሮሰሰሩ ላይ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት ስቀባ፣ ሰዓዳ ስለ ሐያት እያወራችልኝ ስለነበር እጄ ለቀቀና ጨመቅሁት፣ የአተር ፍሬ የሚያክል በቂ ሆኖ ሳለ እኔ እንጀራ ላይ እንደሚፈስ ሽሮ ላደርገው ነው፣ "እህም"። ጠረግሁና እንደገና ቀባሁ። ማቀዝቀዣውን ላስቀምጥ ስል ደግሞ "እህም"፣ ገልብጬ ሳየው ከሥሩ የተለጠፈችው ስስ ፕላስቲክ አልተላጠችም፣ እሷን ሳይልጡ ገጥመው ፕሮሰሰር የሚቀቅሉ ብዙ ናቸው። ሁለቱን ራም ጎን ለጎን ልሰካቸው ስልም "እህም" አለ፣ አዎ፣ አንድ እየዘለሉ ነው የሚሰኩት፣ አለዚያ ፍጥነታቸው በግማሽ ነው፣ አውቃለሁ፣ በቃ አውቃለሁ፣ ግን ከኋላችሁ የሚስል ሰው እያለ እስቲ እናንተ ሥሩ።

ሳሉ ከየት እንደሚመጣ ደርሼበታለሁ፣ ከሳጥኑ ነው። የጎረቤቴ እንዳልል ጎረቤቴ ፊሊፒናዊት ነርስ ናት፣ ሳሏን አውቀዋለሁ፣ ቀጭን ነው። ፋኑ ነው እንዳልል ገና ኤሌክትሪክ አልነካውም። እኛ ቴክኒሻኖች ምንጩ ያልታወቀ ድምፅ ሲገጥመን ሁሉን አውጥተን አንድ በአንድ እንመልሳለን፣ እኔም አወጣሁት፣ ባዶ ብረት እስኪቀር። ከዚያ ልፈትነው ብዬ ሆን ብዬ ራሙን ገልብጬ ልሰካ እጄን ዘረጋሁ። ዝም። ማዘርቦርዱን ያለ መቆሚያው ልደፋው ቃጣሁ። ዝም። ማስመሰሌን ያውቃል ማለት ነው፣ የሚስለው ሳላውቅ ስሳሳት ብቻ ነው። ያኔ ነው ላብ ጀርባዬ ላይ የወረደው፣ ኤሲው ሥራ ላይ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ሰዓዳ ግን ምንም አልመሰላትም። ሻሿን አስተካክላ፣ ናዕናዕ የሚሉት ቅጠል ያለበት ሻይ አፍልታ፣ ለእኔ አንድ፣ ለራሷ አንድ፣ ሦስተኛውን ወስዳ ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጠች፣ "ይጠጡ አባቴ" ብላ። "እህም" አለ፣ ቆጣ ብሎ። ክፍት ማዘርቦርድ ላይ ሻይ ይቀመጣል እንዴ፣ እዚህ ላይ እኔና እሳቸው ተስማማን። አያችሁ፣ "እሳቸው" ማለት ጀመርኩ።

"ሰዓዳ፣ አልፈራሽም እንዴ፣ ማን እንደሆነ እንኳ አናውቅም" አልኳት።

"ሰው ሲመክርሽ ስምህ ማነው ትይዋለሽ? አመስግኚና ሥሪ" አለችኝ፣ ሻዩን አንስታ ራሷ እየጠጣች።

ሠራሁ። ሁሉን መልሼ ገጠምኩ፣ ግራፊክስ ካርዱን ሰካሁ፣ ቀረ ፓወር ሰፕላዩ። እዚህ ላይ ጥፋት ነበረብኝ፣ ሰው ሁሉ ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ እንዳይገዛ የምመክር እኔ፣ ጊዜ ስላጠረኝ ያገለገለ ነው የገዛሁት፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእኔ ነው። ገጠምኩት፣ ገመዱን ይዤ ወደ ግድግዳው ሄድኩ፣ ሰዓዳ "ቢስሚላህ" አለች፣ እኔም ልሰካ።

ይሄኛው ሳል አንድ ብቻ አልነበረም። እህም፣ እህም፣ እህም፣ ትልቅ ሰው ሕፃን ወደ እሳት ሲሄድ አይቶ እንደሚደነግጠው። እጄ አየር ላይ ቀረ። ዞሬ ሳጥኑን ከኋላ አየሁት፣ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ጥፍር የምታክል ቀይ መቀየሪያ አለች፣ በአሮጌዎቹ ላይ ብቻ የምትገኝ፣ እና መቶ አሥር ቮልት ላይ ናት። የድሮ የኹበር ቤቶች ሁለት ዓይነት ሶኬት አላቸው፣ አንዱ መቶ አሥር፣ አንዱ ሁለት መቶ ሃያ፣ የበፊቱ ባለቤት በመቶ አሥሩ ሲጠቀም ኖሯል፣ እኔ ልሰካ የነበረው ከሁለት መቶ ሃያው ላይ ነው። በሆስፒታሉ አዳዲስ ማሽኖች ራሳቸው ስለሚመርጡ ያቺን መቀየሪያ ከረሳኋት ቆይቻለሁ። ብሰካው ኖሮ ጠመንጃ ይመስል ነበር የሚጮኸው፣ እዚህ በመቶ አሥሩ ሶኬት ብሞክረው ደግሞ ደህና ሠርቶ፣ አገር ቤት ሁሉም ሁለት መቶ ሃያ ነውና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሐያት ፊት ይፈነዳ ነበር።

መቀየሪያዋን በእስክሪብቶ ጫፍ ገፋኋት፣ ሰካሁ፣ ተነሳ። ፋኖቹ በሩ፣ ስክሪኔ ላይ ምስሉ መጣ፣ ሰዓዳ እጇን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች፣ እኔም አልቀረልኝም። ከዚያ፣ ደስታ ነው መቼም፣ ለልጅቷ ትንሽ ላፍጥንላት ብዬ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ከልኩ በላይ ልሰቅለው ስል ሳል መጣ፣ ረጅምና የሰለቸው። ተውኩት። በዚያ ማቀዝቀዣ ያን ማድረግ ጉራ ነው፣ ራሙን ካርቶኑ ላይ በተጻፈለት ፍጥነት እንዲሠራ ማድረግ በቂ ነው፣ ሳይነግሩት ዝቅ ብሎ ነውና የሚሠራው።

በማግሥቱ ግራፊክስ ካርዱን ነቅዬ ለብቻው ጠቀለልኩት፣ ከባድ ካርድ ተሰክቶ አውሮፕላን ላይ አይጫንም፣ መሰኪያውን ይዞ ይገነጠላል። መጠቅለያ ስፈልግ ሰዓዳ ጥቁር ዓባያዋን አውልቃ ሰጠችኝ፣ "ይሄም አብሮ ይሂድ፣ ሥራዬን ለብሶ" አለች። ካርቶኑን በገመድ አስረን ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ ደረስን። ካርቶኑ መንገዱን ሁሉ አልሳለም። ጋሪው ላይ ጫንነው፣ ተቃቀፍን፣ ሰዓዳ ልትሄድ ብላ ተመለሰችና እንዲህ አለችኝ፦

"አንቺስ? እናትሽን መቼ ነው የምታያት?"

"ለመጪው ኢድ ነዋ፣ ኢንሻአላህ" አልኳት።

"እህም" አለ ካርቶኑ።

ሰዓዳ ካርቶኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ሻሿን አስተካከለች። ጋሪዋን እየገፋች ገባች።

እኔ ታክሲ ውስጥ ሆኜ የረሳሁትን ስፈልግ ነበር። መቀየሪያዋ ሁለት መቶ ሃያ ላይ ናት፣ ካርዱ ተጠቅልሏል፣ ብሎኖቹ ጠብቀዋል፣ ማቀዝቀዣው ቀላል ስለሆነ አይወልቅም፣ ሁሉም ልክ ነው፣ ታዲያ ምን አጠፋሁ ብለው ነው? ከቀናት በኋላ ሰዓዳ ደወለች፣ ሐያት ካርዱን በቪዲዮ እያሳየኋት ራሷ ሰካችው፣ ማሽኑ ተነሳ፣ እናትና ልጅ አንድ ወንበር ላይ ተጣበው ስክሪኑን ሲያዩ አየኋቸው። ይስላል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሐያት ሳቀችብኝ፣ ድምፁ እንኳ የማይሰማ ማሽን ነው አለች።

ስለዚህ እዚያ የለም። እኔም ቤት የለም፣ ሆስፒታልም የለም፣ ራም ስሰካ ግን አሁንም ትንሽ እጠብቃለሁ፣ የሥራ ባልደረቦቼ ቢስሚላህ እያለች ነው ይሉኛል።

እናቴ በየዓርቡ ደሴ ሆና ትጠብቀኛለች፣ እደውላለሁ፣ ሰላምታው ሲያልቅ ሁልጊዜ "መቼ ነው የምትመጪው?" ትላለች፣ እኔም ሁልጊዜ "ለመጪው ኢድ" እላለሁ፣ ኢዱ ይመጣል፣ ያልፋል፣ እኔ ግን እዚሁ ነኝ፣ እመኑኝ ደግሞ ማስመሰል የለበትም፣ ከልቤ ነው የምለው። ባለፈው ዓርብም ጠየቀችኝ። "ለመጪው" ብዬ ጀመርኩና አፌ ላይ ቀረ፣ ጆሮዬን አቆምኩ፣ ቤቱ ጭር ብሏል፣ ኤሲው ብቻ ነው የሚሰማው፣ ማንም አልሳለም። ግን እጄ ሳላስበው ሻሼን ወደ ግንባሬ ሲስበው ተሰማኝ።

"ሄሎ" አለች እናቴ፣ "ሄሎ፣ መስመሩ ተቋረጠ እንዴ?"